ታጥቦ ስለተደረደረው ብልቃጥ

ለተከበሩ የምርምር ተቋማችን የንብረት ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎ፣ በተለይም የዓይንዎ ጤና፣ ዘወትር ያሳስበኛል። እኔ ከሥራ ከመታገዴ በቀር ደህና ነኝ።

አንደኛው ምስጋናዬ፣ ወራት የጠበቅኩትን ብልቃጥ ለእኔ ሳይነግሩ በገዛ እጅዎ ስለከፈቱልኝ ነው። በውስጡ የነበረው ፔፕታይድ፣ ማለትም በፋብሪካ የተሠራ የአንድ የሰው ፕሮቲን ቁራጭ ነበር። ያንን ፕሮቲን በኩላሊት ሕሙማን ላይ የምፈልገው እሱን ለይቶ ይይዛል በሚባል አንቲቦዲ ነው፤ አንቲቦዲው ግን ሌላ ነገር ይዞም «አገኘሁ» ሊለኝ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሜ በቁራጩ እጁን አስይዘዋለሁ፤ ያኔ «አገኘሁ» የሚለው ምልክት ከጠፋ ትክክለኛውን ይዞ ነበር፣ ካልጠፋ ሲዋሸኝ ኖሯል ማለት ነው። ፈታኞቼም ይህን ሙከራ ሳናይ ዶክትሬቱን አንሰጥም ብለዋል።

ቁራጩ ደርቆ ሲመጣ መስታወት ላይ እንደተነፈሱበት ያለ ስስ ጭጋግ ነው፤ በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። እርስዎ ግን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት፣ ገልብጠው አራገፉት፣ ቀጥሎም ጠርሙሱ እንኳ አይባክን ብለው በሳሙና አጥበው ከባዶዎቹ ጋር ደረደሩት። እኔ ስደርስ ገና ይንጠባጠብ ነበር። «ልጄ፣ አየር ነው የሸጡልሽ» አሉኝ፣ ከልብ አዝነው። አለቀስኩ። ማልቀሴንም እንደ እምነት ቃል ቆጠሩት።

ሁለተኛ፣ ከአቅራቢው ጋር ተመሳጥራ ባዶ ዕቃ አስመጣች ብለው ስለከሰሱኝ አመሰግናለሁ። ክሱን የሚያጣራው ኮሚቴ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ሰነበተ። እርስዎም «በውስጡ ምንም አላየሁም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብለው ማሉ። መሐላው ይደርስብኛል ብለው አይስጉ፤ በዕድሜዎ ከተናገሩት ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው። አማካሪዬ ጉዳዩን ሊያስረዱ ተነስተው ነበር፤ ያዘዙት የቢሮ ወንበር ፊርማዎን እየጠበቀ መሆኑን ሲያስታውሷቸው ተመልሰው ተቀመጡ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

አሁን ፈታኞቼ ቀጠሮውን ሰርዘዋል። ያ አንቲቦዲ እውነቱን ነግሮኝ ይሁን ወይስ ወጣትነቴን በውሸት ላይ ጨርሼው፣ የማውቅበት መንገድ የለኝም፤ ይህ ከእገዳው ይልቅ ያንገበግበኛል። ሌላ ቁራጭ ለማዘዝ ደግሞ የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል።

ሥልጣንዎ ባላዩት ነገር ሁሉ ላይ እንዲሰፋ የምመኝልዎ፣ እጅ ነስቼ የማልጠግብ ታዛዥዎ፣

የታገደችው ተመራማሪ

ማስታወሻ፦ እርስዎ ሲሠሩ አይቻለሁ ብሎ የሚመሰክር ሰው በተቋሙ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። «በዓይን ያልታየ ነገር እንደሌለ ይቆጠራል» በሚለው ሕግዎ መሠረት ቢሮዎ ባዶ ነው። ስለዚህ ክፍሉ እንኳ አይባክን፣ በሳሙና ይታጠብና ከባዶዎቹ ጋር ይመዝገብ ብዬ ለቦርዱ አመልክቻለሁ።