ከስድስት ሰዓት በኋላ

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 1

ዝናብ። ዝናብ ከዘነበ እኛ ቢሮ ስራ የለም። የጫካ እሳት ዲስፓቸር በዝናብ ቀን ምን ይሰራል? የሬዲዮ ባትሪ ቻርጅ ያደርጋል፣ ካርታ ያያል፣ የአለቃውን የድመት ፎቶ ያደንቃል። አለቃዬ ቤቨርሊ አራት ድመት አላት። ሁሉንም በስም አወቅኋቸው...

ጎሹ አሁንም ስራዬ አልገባውም። "እሳቱን አንቺ ነሽ የምታጠፊው?" ይለኛል። ባል ተብዬ! አላጠፋም። ስልክ አነሳለሁ፣ የትኛው የእሳት መኪና ቅርብ እንደሆነ አያለሁ፣ በሬዲዮ እልካለሁ፣ ሄደው እስኪመለሱ ድምፃቸውን እከታተላለሁ። "ታዲያ የኛም መስሪያ ቤት ዲስፓቸር ይሄንኑ እኮ ነው የሚሰራው" አለ። ልዩነቱ፣ እሱ በትራኩ የሚያመላልሰው ሶፋ ነው። ሶፋ ቢዘገይ ጫካ አይቃጠልም።

የልምምድ ደብተሬ ላይ አንድ ፊርማ ቀረኝ። አንድ! እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቨርሊ ካልፈረመችልኝ ወደ ፖላሪስ የገበያ ማዕከል፣ ወደ ጫማ መሸጫው መመለሴ ነው። የሰው ካልሲ ማሽተት በቃኝ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 12

ፋሲካ። ቤታችን በዘመድ ሞልቶ ዋለ። የጎሹ አጎት ጋሼ ጀማነህም መጡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ አምስት ኤከር መሬት ገዝተው በግ ያረባሉ። ሰው ሁሉ ፊት፣ "እስቲ ባለስልጣኗን እንጠይቃት" አሉ። "የአምናው ቅጠል ተከምሮብኛል። መቼ ነው ማቃጠል የሚፈቀደው?"

ደረቴን ነፋሁ። "ጋሼ፣ በዚህ ወቅት ቀን ቀን ክልክል ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ግን ይችላሉ። ንፋስ ካለ ይተዉት።"

"ከስድስት በኋላ። እሺ፣ ልጄ።"

ልጄ ማራናታ ሳትቀር "ማም፣ ዩ ሳውንድ ላይክ ኤ ቦስ" አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በዋዛ አታደንቅም። ምን እዋሻለሁ... በጣም ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ዝናቡ ቆመ። ሳሩ መድረቅ ጀመረ። ዛሬም ፊርማ የለም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 16

እሳት!

በምሳ ሰዓት፣ 12:25 ላይ፣ ከካውንቲው የአደጋ ጥሪ፣ ከ911፣ ስልክ ተላለፈልን። ሰውየው ከድንጋጤው የተነሳ እንግሊዝኛው ጠፍቶበታል። ቤቨርሊ ትንሽ ሰማችና "ያንቺ ቋንቋ መሰለኝ" ብላ ሰጠችኝ።

"ሄሎ? እሳቱ የት ነው?"

"ሐምራዊት! አንቺ ነሽ? ተቃጠልኩልሽ!"

ጋሼ ጀማነህ!

ቅጠሉን ለኩሰውት ሳሩን ይዞ ወደ ጎረቤት ጫካ እየሄደ ነው። "ምነው ጋሼ፣ በጠራራ ፀሐይ ለኮሱ?" አልኳቸው። "አንቺው አይደለሽ እንዴ ከስድስት ሰዓት በኋላ ያልሽኝ? ስድስት ሰዓት ሞላ፣ ለኮስኩ!"

ስድስት ሰዓት... እኩለ ቀን! እኔ ያልኩት የአሜሪካኑን ስድስት ነው፣ የምሽቱን። እሳቸው የሰሙት የሀበሻውን። ከጋሼ ጋር ሁሌ በሀበሻ ሰዓት ነው የምንቀጣጠረው። አውቃለሁ እኮ! ቢሮ እየዋልኩ ምላሴ የቢሮውን ሰዓት ለመደ።

ለማዘን ጊዜ የለም። "ጋሼ፣ የጋጣውን በር ከፍተው ወደ አስፋልቱ ይውጡ። ስልኩን እንዳይዘጉ!" በሌላኛው እጄ ሬዲዮውን ይዤ ሁለት የእሳት መኪናና አንድ ዶዘር ላክሁ።

"በጎቼስ?"

"በጎቹ ከእርስዎ የተሻለ ይሮጣሉ! ይውጡ አልኩ!"

በጋሼ ላይ ጮህኩ። በሰላሙ ቀን እንዲህ ብናገራቸው ጎሹ ይፈታኝ ነበር።

እሳቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠፋ። ሦስት ኤከር ሳርና አንድ አሮጌ መጋዘን ሄደ። የጎረቤት ጫካ ተረፈ። ጋሼም በጎቹም ደህና ናቸው። ተመስገን።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 17

ቤቨርሊ፣ "የትናንቱን ስልክ የድምፅ ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ መልሺልኝ። ለምርመራው ፋይል ነው፣ ሰኞ እፈልገዋለሁ" አለች።

እዚያ ቢሮ አማርኛ የሚሰማ እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ብቻ... ያቺን "አንቺው አይደለሽ እንዴ" የምትለዋን ብዘላት ማን ያውቃል?

ጎሹ፣ "ዝለያት" አለኝ። "አንድ ፊርማ ነው የቀረሽ። እብድ ነሽ እንዴ?"

ጋሼም ደወሉ። "ልጄ፣ የመጣውን ኦፊሰር፣ 'ነግራኝ ነበር፣ ጆሮዬ ነው ያጠፋው' ብዬዋለሁ። አንቺ ምንም እንዳትይ። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ከስራ አያባርሩኝ!" ለእኔ ብለው ጤነኛ ጆሯቸውን ከሰሱት። ሳቅሁም አለቀስኩም።

ግን ጆሯቸው ምን አጠፋ?

እሑድ፣ ኤፕሪል 19

ተረጎምኩት። ሁለት ገጽ ወጣው። "ተቃጠልኩልሽ" በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ቃል በቃል መልሼ ለማራናታ አነበብኩላት። "ኢው፣ ማም! ሮማንቲክ ነው!" አለች። እግዚኦ! "እሳት ያዘኝ" በሚለው ተካሁት።

ያቺን እኔን የምትጠቅሰውን ዓረፍተ ነገር ግን እንዳለች ጻፍኳት። ከስሯ ስለ ሁለቱ ሰዓት አቆጣጠር ሦስት መስመር ጨመርኩ። ፈርቻለሁ። ጎሹ አኩርፎ ወጥቶ ነበር፣ አሁን ተመልሶ ሳህን እያጠበ ነው። አኩርፎም ቢሆን ያጥባል...

ሰኞ፣ ኤፕሪል 20

ቤቨርሊ ቆማ ማንበብ ጀመረች። መሃል ላይ ስትደርስ ተቀመጠች።

"'ያልሽኝ አንቺ ነሽ' ይላል። ማንን ነው?"

"እኔን።"

"ስድስት ሰዓት እናንተ ዘንድ እኩለ ቀን ነው?"

"ነው። ቀኑን ከንጋት ጀምረን ነው የምንቆጥረው።"

"ኮሎምበስ ውስጥ ስንት ሰው እንደዚህ ይቆጥራል?"

"ብዙ።"

አልሳቀችም። "በአማርኛ ማስታወቂያ ትጽፊያለሽ። ዛሬውኑ። ሱቆቻችሁ ውስጥ ሁሉ ይለጠፍ" አለች። ለጋሼም ማስጠንቀቂያ ይበቃል ብላ ለኦፊሰሩ እንደምትጽፍለት ነገረችኝ። ከዚያ ደብተሬን ከመሳቢያ አወጣች። አለቀልኝ፣ ልትሰርዘኝ ነው... ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ፈርማለች።

የቀረችው መስመር ምን ትላለች? "የእሳቱን መነሻ ምክንያት አጣርቶ በትክክል መመዝገብ።"

"ወሩን ሙሉ መነሻው በደንብ የታወቀ እሳት አጥተን ነው የዘገየሁብሽ" አለች። ይህቺ ሴትዮ ቀልዷ እንዴት ደረቅ ነው!

ዲስፓቸር ሆንኩ። ከነገ ጀምሮ ሬዲዮው ላይ ብቻዬን ነኝ።

ቤቨርሊ ከፊርማዋ ስር ቀኑን ሞላች። ሰዓት የሚለው ጋ ስትደርስ ብዕሯን አቁማ ቀና አለች።

"በማን ሰዓት ልጻፈው?"

በሁለቱም ጻፈችው። 9:40፣ ከጎኑ 3:40።