መርፌው ሳይደርስ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም ውሻ አባረረኝ። ያው ጥቁሩ፣ የልብስ ሰፊው። የመብራት ቆጣሪውን ሳላነብ ግን አልወጣሁም።

ከሰዓት አለቃችን ሰበሰበን። አዲሱ ቆጣሪ ራሱ አንብቦ ራሱ ይልካል። ከሰኔ በኋላ እኛ አንባቢዎቹ በቃችሁ ተባልን። "በቃችሁ" እንኳ አላለም... "እናመሰግናለን" ነው ያለው። ያው ነው።

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ግን ሌላ ነገር አየሁ። የኃይል ማመንጫው ለመቆጣጠሪያ ክፍል ሠልጣኝ ኦፕሬተሮች ይፈልጋል። መግቢያው የችሎታ ፈተና ነው። የሚፈልጉት ሰው እኔ ነኝ። ሌላ ማን ሊሆን?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ተመዘገብኩ። ሕጉ ጠበቅ ያለ ነው። ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ በአንዱ የወደቀ በሁሉም ወደቀ። የወደቀ ደግሞ ለሁለት ዓመት ተመልሶ አይቀመጥም። እስከዚያ ምን ልበላ? የፀጉር ሠሪዋን እህቴን ሻምፖ?

ለጋሽ ባትሪ ነገርኳቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የቆጣሪ ሳጥን ብዙ ጊዜ ጨለማ ነውና ባትሪ አንገታቸው ላይ ሳያንጠለጥሉ ከቤት ወጥተው አያውቁም።

"አልፋለች በሉ ጋሼ።"

"መርፌው ሳይደርስ አትመዝግቢ።"

የሥራችን ሕግ ነው። የድሮ ቆጣሪ መርፌ በሁለት ቁጥር መካከል ከቆመ፣ ያለፈውን እንወስዳለን። ስድስትና ሰባት መካከል ከሆነ ስድስት ነው፤ ሰባትን ቢታከከውም ስድስት። ሰው ባልተጠቀመበት አይከፍልም። አሁን እኔንም ቆጣሪ አደረጉኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ከፎቶ ኮፒ ቤት የመለማመጃ ጥራዝ ገዛሁ። ስለ ኤሌክትሪክ አንድም ጥያቄ የለውም! ጥርስ ያላቸው ጎማዎች... ይኼኛው ወደ ቀኝ ሲዞር ያኛው ወዴት ይዞራል? የቆጣሪ መርፌዎችስ እንዲሁ አይደል የሚዞሩት፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ጎረቤቱ ወደ ግራ። እንደ ውኃ ጠጣሁት። ሰንጠረዥ ማመሳከሩም ቀላል ነው። የቁጥር ድርድሩ ትንሽ ያዝ አደረገኝ።

አራተኛው ክፍል የጌጅ ንባብ ነው። ዘለልኩት። መርፌ ማንበብ እንጀራዬ ነው እኮ።

እሑድ፣ የካቲት 9

እህቴ ሰዓት ትይዝልኛለች። እሷ ፀጉር ቤት፣ ሁለት ደንበኞች የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር፣ እኔ ጥግ ላይ። "አበቃ!" ብላ ስትጮኽ ሴቶቹ ብድግ ይላሉ። አንዷ ደግሞ ከካስኩ ሥር ሆና መልስ ትነግረኛለች... ሁሉንም ተሳስታ።

"አራተኛውን ለምን አትሠሪውም?"

"አያስፈልገኝም።"

"ራስ ሳይጠና ጉተና" አለችኝ፣ ማበጠሪያውን እያወዛወዘች። ይኼ ተረት ደግሞ ለፀጉር ሠሪ ሲያምርባት!

ሐሙስ፣ የካቲት 13

አፏን ላስዘጋት ብዬ አራተኛውን ሠራሁ። ከሃያ ሰባት አገኘሁ።

ሰባት!

የተሳሳተው ጥራዙ ነው። መልሱን ያዘጋጀው ሰው በዕድሜው መርፌ አይቶ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ጥራዙን ይዤ ጋሽ ባትሪ ቤት ሄድኩ። ይፍረዱኝ ብዬ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ በጠራራ ፀሐይ ባትሪያቸውን አበሩ፣ ሃያውንም ሠሩ። አረምኩላቸው። ሰባት። እኔ የሳትኩትን ነው አንድ በአንድ የሳቱት። ተያይተን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

"መመሪያው ምን ይላል?" አሉኝ በኋላ።

አነበብኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ... "ለመርፌው የሚቀርበውን ቁጥር ምረጥ።" የሚቀርበውን። ያለፈውን አይደለም።

"የሚለካውስ ምንድነው?"

"የእንፋሎት ግፊት።"

ባትሪያቸውን አጠፉ። "እኛ ዝቅ አድርገን ብናነብ ማንም አይጎዳም፤ በሚቀጥለው ወር ይካካሳል። እዚያ ግን ዝቅ አድርጎ ያነበበ ሰው..." አልጨረሱትም።

ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ቀላል ብዬ የዘለልኩት ክፍል ሊጥለኝ ነበር። ስንት ዓመት የኮራሁበት ዓይኔ! ማታ እራት አልበላልኝ አለ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

መርፌ ያለው ነገር ሁሉ ላይ እየተለማመድኩ ነው። የባለሱቁ ሚዛን ላይ። የጎማ ቤቱ የንፋስ መለኪያ ላይ። ጎማ ሠሪው አፈጠጠብኝ።

"መኪና አለሽ እንዴ?"

"ወደፊት" አልኩት።

ዛሬ ከሃያ አሥራ አራት። እየመጣ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ጉድ ሆኜ ነበር። ልብስ ሰፊው ቤት መርፌው አራትና አምስት መካከል ነበር። አምስት ብዬ መዝግቤ ወጣሁ! መንገድ ላይ ክው አልኩ። ተመለስኩ። ውሻው ሁለተኛ ዙር አገኘ።

"ምነው፣ ናፈቅንሽ?" አለኝ ልብስ ሰፊው።

አራት ብዬ አስተካከልኩ። ግን እንዲህ ከቀጠልኩ ሁለቱም ጋ ልሳሳት ነው... ቀን ያለፈው፣ ማታ የሚቀርበው፣ እጄ ግራ ገባው። ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። መርፌ ሳይ መጀመሪያ ራሴን እጠይቃለሁ፦ ብሳሳት የሚጎዳው ማነው? ከፋዩ ከሆነ ያለፈውን። ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው ከሆነ የሚቀርበውን።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ከሃያ አሥራ ዘጠኝ! እህቴ ወረቀቱን ለደንበኞቿ አዞረችው። ነገ ነው። አልፈራሁም። እሺ... ልቤ ትንሽ ድው ድው ትላለች። ትበል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ተፈተንኩ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ እግሩን ሲያንቀጠቅጥ የእኔም ጠረጴዛ አብሮ ይንቀጠቀጣል። "ወንድሜ፣ ግፊቱን ቀንስ" አልኩት። ሳቀ፣ እግሩም ቆመ። ጎማዎቹን አዞርኳቸው። ሰንጠረዡን ጨረስኩ። ከቁጥር ድርድሩ ሁለቱ እምቢ አሉኝ፤ ትቻቸው አለፍኩ።

ከዚያ ጌጆቹ። የመጀመሪያው መርፌ ሰባትን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እጄ የስድስትን ክብ አጠቆረ። አየሁት... ማነው የሚጎዳው? አጠፋሁና ሰባትን አጠቆርኩ። ከዚያ ወዲያ አልሳትኩም። ይመስለኛል። አይ፣ አልሳትኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 24

እህቴ ለሰፈሩ ሁሉ "አልፋለች" ብላ አውርታለች። "መርፌው ገና አልደረሰም" አልኳት። ግንባሬን ዳሰሰችኝ፣ ትኩሳት አለባት ብላ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ውጤቱ የማመንጫው በር ላይ ተለጠፈ። ከታች ጀምሬ ነው ያነበብኩት... ቆጣሪ ከትንሹ መርፌ ነው የሚነበበው፣ ልማድ ሆኖብኝ። የለሁም። የለሁም። ወደ ላይ ወጣሁ። አሁንም የለሁም። ጣቴን ከፍ አደረግኩ። ሦስተኛ ነኝ! ከላይ ሦስተኛ! ከጥበቃው ፊት ቆሜ አለቀስኩ። እሱም ደግ ሰው ነው፣ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ጋሽ ባትሪን ፍለጋ በረርኩ። ልብስ ሰፊው በር ላይ አገኘኋቸው፣ ከውሻው ጋር ተፋጠው።

"መርፌውስ?" አሉ ገና ሲያዩኝ።

"አልፏል ጋሼ።"

እጄን ያዙ። ብዙ ቆዩ፣ አልለቀቁኝም። ከዚያ ባትሪውን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ።

"እዚያ እኮ መብራት ሞልቷል ጋሼ! የሚመረትበት ቤት ነው።"

"ለሚጠፋበት ቀን ነዋ።"

አንገቴ ላይ አጠለቅኩት። ከባድ ነው ለካ። የቀሩትን ቤቶች አብረን ዞርን። እኔ አበራለሁ፣ እሳቸው ያነባሉ... ያለፈውን።