ፓምፑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ቅዳሜ፣ ጥር 23 ቀን

ይድረስ ለቤቴ ድምቀት፣ ለምወድሽ ልጄ፤

ሰላምታውን ወደ ኋላ ላቆየውና አንድ ነገር ላስቀድም። ጤናሽን መጠየቅ ከጀመርኩ እንደ ልማዴ ወሬ አበዛና ዋናው ነገር ይቀራል። የዛሬ አራት ዓመት ዓሦችሽን የገደልኩት እኔ ነኝ። ወንድምሽ አይደለም።

ለፈተና ስትሄጂ "አባባ፣ ፓምፑ እንዳይጠፋ፣ ውኃው እንዳይሞቅ" ብለሽ የዓሦችሽ ገንዳ ላይ ወረቀት ለጥፈሽ ነበር። በማግስቱ ከምሳ በኋላ ወንበር ስቤ አየኋቸው። እነዚያ ጣት የማያህሉ የተራራ ወንዝ አምባዛዎች ሆዳቸውን ድንጋዩ ላይ ለጥፈው፣ ውኃው እንደ ጎርፍ ይወርድባቸዋል። እጄን ብነክር በረዶ ነው። አንጀቴ አልቻለም። የእግዚአብሔር ፍጥረት እንዲህ ሲንገላታ ዝም አይባልም ብዬ ፓምፑን አጠፋሁ፤ ከማንቆርቆሪያውም ሙቅ ውኃ ጨመርኩላቸው። እፎይ ያሉ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጠዋት ሰባቱም ተገልብጠዋል። ፓምፑን መልሼ አበራሁና አፌን ዘጋሁ።

ወንድምሽ "በዚህ ፓምፕ ጩኸት እንቅልፍ አልወስድ አለኝ፣ አንድ ቀን እነቅለዋለሁ" ሲል ስለከረመ፣ ስትመለሺ በእሱ ላይ ጮኽሽ። "አባባ እቤት ነበር፣ እሱ ይናገር!" አለ። እኔ "የጸሎት ሰዓቴ አለፈ" ብዬ ተነሣሁ። መጽሐፉን ገለጥኩ እንጂ አንድ መስመር አላነበብኩም። ፈሪ ሲጸልይ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አወቅሁ። እናትሽ ብትኖር ፊቴን አይታ ታውቅብኝ ነበር። እናንተ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ተኮራርፋችሁ ቀራችሁ።

ባለፈው ወር ገንዳውን አጥቤ አራት አምባዛ ገዛሁ። ዓሣ ሻጩን "አይደክማቸውም?" ስለው ሳቀብኝ። "አባት፣ እነዚህ የሚደክማቸው ውኃው ሲቆም ነው። ትንፋሻቸው ሩጫው ውስጥ ነው።" ስንት ዓመት ኖሬ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ በደቂቃ መለሰልኝ።

የፓምፑን ስፖንጅ በየቅዳሜው የሚያጥብልኝ ወንድምሽ ነው። ውኃው እንዳይሞቅ ቬንትሌተር ስደግን አይቶ "እኔ ለብቻዬ ላብ በላብ ስሆን ማን አስታወሰኝ! ዓሣ ሆኜ በተወለድኩ" ብሎ አሳቀኝ። ዛሬ ግን ስፖንጁን እያጠበ "ለእህቴ ፎቶ ላክላት፤ እኔ እንደምነካው ግን እንዳትነግራት፣ ትሰጋለች" አለኝ። ወዲያው ወረቀት ፈለግሁ።

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። አንቺስ? በሥራ ብዛት እራትሽን ሳትበዪ እንዳታድሪ። የወጣሽበት በር በሰላም ይመልስሽ፤ እኔን የታገሠ አምላክ አንቺንም ይጠብቅሽ። ልትቆጪ ብትፈልጊ ተቆጪ፣ በእኔ ላይ ግን ይሁን።

አባትሽ

ከፊርማዬ በኋላ የጨመርኩት፦ ወንድምሽን ከገንዳው ጠርቼ ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እርጥቡን ስፖንጅ እንደያዘ ቁጭ አለ። "እኔ እኮ አባባ፣ ሳላውቀው ነክቼው ይሆን እያልኩ ራሴን ስጠረጥር ነው የኖርኩት" አለ። ተነሥቼ ፊቱ ቆምኩና "ይቅር በለኝ ልጄ" አልኩት።