ጋሽ ጌቱን ዋስ ያደረግክበት ዊንዶውስ

ለውድ ወንድሜ ለአምሐ፣

እንደምን ከርመሃል? የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ ወባ ለቀቀህ ወይ? ውብነሽስ፣ ልጆቹስ? እኔና እማዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ክረምቱ ካለፈ ወዲህ የእማዬም ጉልበት ተሽሎታል። ጤናህን የጠየቅኩት ከልቤ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ንዴት ስለሆነ ነው። በእጄ የጻፍኩልህም ኮምፒውተር ማየት ስላስጠላኝ ነው።

ለመስቀል መጥተህ ሳለ ለጎረቤታችን ለጋሽ ጌቱ እህቴ ዊንዶውስን አብጠርጥራ ነው የምታውቀው ብለሃቸዋል። እኔ የማውቀው ከዊንዶውስ በፊት የነበረውን ዶስ ነው! ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዙን እጽፋለሁ፣ አማርኛውን ዓይኔን ጨፍኜ እመታለሁ። ዊንዶውስን ግን ከሰው ትከሻ ኋላ ቆሜ ከማየት በቀር ነክቼው አላውቅም። ጋሽ ጌቱ የአባባ ባልንጀራ ናቸውና አንተን አመኑ። ለሚያውቋቸው ሥራ አስኪያጅ ነገሩልኝ፣ ዋስ ሆነውም ፈረሙ። እኔ ዊንዶውስ ታውቃለች መባሌን የሰማሁት የድሮ ሥራዬን ለቅቄ አዲሱ ወንበር ላይ በተቀመጥኩበት ቀን ነው። አላውቅም ብዬ ሽማግሌ ላዋርድ? እንደሚያውቅ ሰው ማሽኑን ከፈትኩ።

ማውስ የሚሉት ነገር አልታዘዝልኝ አለ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀስት ስከተል ጠረጴዛው አልቆ ማውሱ ጭኔ ላይ ይወርዳል። የአማርኛው ፊደል አቀማመጥ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሰ ብዬ ስመታ ደ ይወጣል። በመጨረሻ ከዊንዶውስ አውጥቶ ወደ ዶስ የሚመልስ መንገድ አገኘሁ። የድሮውን የአማርኛ ፕሮግራሜን በፍሎፒ ዲስክ ወስጄ ጫንኩ። ከዚያማ ማን ይቻለኝ። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤና ውል ሁሉ በዶስ ጽፌ እያተምኩ ሰጠሁ፤ ሥራ አስኪያጁም ፍጥነቴን አመሰገኑ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ አንዱን ውል ራሳቸው ሊያርሙ በእሳቸው ማሽን ከፈቱት። አንድ የአማርኛ ፊደል የለበትም፤ ዶሮ የጫረው መሬት ይመስላል። ሌላውን ከፈቱ፣ ያው ነው። ለካ የድሮው ፕሮግራም የጻፈውን አዲሱ አያነበውም። ሁሉም የየራሱን አማርኛ ሠርቶ ይሸጣል፣ የሚተዋወቁ ሁለት የሉም፤ በዚህም በግኛለሁ። ሰው ሁሉ እየሰማ ዊንዶውስ ታውቂያለሽ አልተባለም ወይ አሉኝ። ጋሽ ጌቱንም አስጠርተው ዋስ የሆኑት ለልጅቷ ነው ወይስ ለውሸቱ ብለው ጠየቋቸው። ጋሽ ጌቱ ከዚያ ወዲህ በበራችን ሲያልፉ ሰላም ይላሉ እንጂ አይገቡም።

አሁን የሙከራ ጊዜዬ ሳያልቅ ሁሉንም በዊንዶውስ መልሼ ካልጻፍኩ እሰናበታለሁ። እጽፈዋለሁ፤ ማውሱም ይገራል። ለዚያ አንተን አላስቸግርህም። ለእኔ ብለህ እንደተናገርክም አውቃለሁ። ለእኔ ካልክ ግን መጀመሪያ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሲባል አልሰማህም? ለጋሽ ጌቱ በራስህ እጅ ጻፍላቸው። እሷ ምንም አላለችም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ በላቸው።

ውብነሽን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ትልቋን ምስጢርን በትምህርትሽ በርቺ በላት፤ ትንሹን ሚሳኤልን ጉንጩን ንከስልኝ። እማዬ ዓይንህን ስማሃለች፤ የጻፍኩትን ግን አላነበብኩላትም። እኔ አንተን የምስምህ ጋሽ ጌቱ ቤታችን የገቡ ዕለት ነው።

እህትህ እፀገነት
ነፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 20 ቀን 1990 ዓ.ም.