በሚካኤል ቀን የፋቅሁት ዝገት

ኅዳር 12

እኔ ኃጢአተኛዋ ሰርክአዲስ አያልነህ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ በሰማይና በምድር ፊት እመሰክራለሁ፤ ዛሬ ሰረቅሁ። የሰረቅሁት ዝገት ነው።

አንድ የክብሪት ቀፎ ሙሉ። የቁሐር ሚካኤል ሰው ሁሉ ለንግሥ ሲወጣ "ሆዴን ቆርጦኛል" ብዬ ቀረሁ (ሁለተኛ ኃጢአት)። ከዚያ ጓሮ የቆመው የአባየ ሩዝ መውቂያ ማሽን ሥር ገብቼ ፋቅሁ። በበዓል ቀን ሥራ (ሦስተኛ)። ቢላውም የእማየ ነው… ይብቃኝ፣ ደብተሩ ያልቃል።

ለምን? ለእኔ ማሽን ነዋ። የአባየን ማሽን አንድ ለአሥር አድርጌ እየሠራሁት ነው። ነዶውን የሚወቃው ከበሮ የድልህ ቆርቆሮ። ጎኑ የዘይት ጣሳ። ጭስ ማውጫው የእስክርቢቶ ቀፎ። ጎማዎቹ የወንድሜ የየኔሰው ነጠላ ጫማ (እስካሁን እየፈለጋት ነው)። ሁሉም አለው። አንድ ጉድለት ብቻ… አዲስ ነው። ያብለጨልጫል! የአባየ ማሽን ስምንት ክረምት ዝናብ ጠጥቷል። ቀለም ሞከርሁ፣ ቀይ አፈር ሞከርሁ። ዝገት የሚመስለው ዝገት ብቻ ነው።

ካልዛገ አሻንጉሊት ነው። እኔ ደግሞ አሻንጉሊት አልሠራም።

ኅዳር 13

ዝገቱን ወቀጥሁ፣ ነፋሁ፣ በሙጫ ለወስሁ። በዶሮ ላባ ቀባሁ። ውሃ የሚያቁርበት ላይ ወፈር፣ እጅ የሚበዛበት ላይ ሳሳ። አባየ እየተደገፈ ለጎረቤት ጉራውን የሚነዛበት ቦታ ላይ ጭራሽ አልቀባሁም። እዚያ ብረቱን ላቡ ወልውሎታል። ጎማው ላይ ዋልካ ጭቃ። የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ጥላሸት።

አምሮበት አረጀ።

አንድ ነገር ግን… ትናንት ስፍቅ፣ ከበሮውን የተሸከመው ብረት ላይ የሆነ መስመር ያየሁ መሰለኝ። ፀጉር ይሆን?

ኅዳር 14

ፀጉር አይደለም። ጥፍሬ ገባበት።

ከብሎኑ ተነሥቶ እስከ ብረቱ ጠርዝ ይደርሳል። በማስመሪያ ለካሁት። ዝገቱ ሸፍኖት ነው የኖረው። ያ ብረት ቢለቅ ከበሮው በዚያ ፍጥነት ወዴት ነው የሚሄደው?… ነዶ የሚያጎርሰው የኔሰው ነው። ከበሮው ፊት ቆሞ። ልክ በደረቱ ትይዩ።

አባየ ለመንደሩ በተራ መውቃት የሚጀምረው ኅዳር 22። የመጀመሪያው ተራ የአባ ወልደ ሥላሴ ነው፣ የጎረቤታችን፣ የነፍስ አባታችን። "ፊተኞች ኋለኞች ይሆናሉ" ብለው ይሰብካሉ፤ ተራ ሲያዝ ግን ኋለኛ ሆነው አያውቁም።

ፎቶ ባነሣው? ቤታችን ያለው ስልክ የአባየ ባለ ቁልፉ ነው። እሱም ሲፈልግ ነው የሚሠራ።

ልንገር? "መቼ አየሽው?" ቢሉኝስ?

ኅዳር 15

ጾም ገባ። እኔ ከነገርም ጾምሁ።

ኅዳር 17

አልቻልሁም። ነገርሁ።

"አባየ፣ ከበሮውን የያዘው ብረት ተሰንጥቋል።"

"ማን አለሽ?"

"አየሁት። ዝገቱን ስፍቅ…"

"መቼ?"

"…በሚካኤል።"

እማየ ወንፊቱን መሬት አስቀመጠች። "በሚካኤል?"

"ብረቱ እኮ…"

"በሚካኤል!"

አባየ ተነሣ። "በሬ በማይጠመድበት ቀን ብረት ትፍቂያለሽ አንች? እንግዲያማ ከተሰነጠቀም መልአኩ ነው የሰነጠቀው። በአንች ምክንያት!"

መልአኩ ከሰነጠቀውስ ሄዶ ማየት አይገባም እንዴ? አልሁ። በሆዴ።

እኔ ስለ ብረቱ እናገራለሁ፣ እነሱ ስለ ቀኑ ይሰማሉ። ሄዶ ያየው የለም።

ኅዳር 18

እማየ እየጎተተች አባ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ወሰደችኝ። አርባ ስግደት።

"አባ፣ እሰግዳለሁ። ብረቱን ግን ይዩት።"

"ልጄ፣ አስቀድመሽ ነፍስሽን ጠግኚ።"

የኔ ነፍስ ከበሮ አልተሸከመችም! ሰገድሁ። ሃያ ምናምን ላይ ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ እንደገና ከአንድ። ጉልበቴ ተላጠ። ብረቱ እንደተሰነጠቀ ነው።

ኅዳር 19

የኔሰውን እጁን ይዤ ጎተትሁት። "ና በዓይንህ እይ።"

ደረስን… ማሽኑ አረንጓዴ ሆኗል።

አባየ ከወረታ ቀለም አስመጥቶ ከእግር እስከ ራሱ ለቅልቆታል። ሁለት ዙር። ለመውቂያው መክፈቻ አምሮ እንዲታይ። መስመሩ የለም። ድራሹ ጠፍቷል።

"የታለ?" አለ የኔሰው።

"እዚህ ጋ ነበር።"

"ነበር!" ሳቀ። "ከቆርቆሮ ጋር ስትውይ አንችም ዓይንሽ ዛገ።"

በጥፍሬ ልፍቀው ስል አባየ ከቤት "ቀለሜን!" ብሎ ጮኸ።

እኔ አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል ስለፋ፣ እሱ አሮጌውን አዲስ አስመሰለው። ሁለታችንም ዋሽተናል። የኔ ውሸት ግን ሰው አይጎዳም።

ኅዳር 20

ስንጥቁን በኔ ማሽን ላይ ሠራሁት። በመርፌ ጫፍ፣ በለካሁት ልክ፣ ከብሎኑ እስከ ጠርዙ። ውስጡ የተቃጠለ ዘይት።

የኔሰው አየና "ውይ፣ እዚህ ጋ ተሰነጠቀብሽ" አለ። ከልቡ አዝኖልኝ።

ምን ልበለው?

የሥራ ሸሚዙን አጠብሁለት። ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ ጎድሎ ነበር፣ ተከልሁለት።

"ምን ሆነሻል ዛሬ?" አለኝ። "ነጠላ ጫማየን አንች ነሽ የወሰድሽው?"

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም። ምንም አልፋቅሁም።

ኅዳር 22

ይኸን የምጽፈው አውድማው ላይ ነው፣ ከነዶው ክምር ጀርባ። ጭኔ ላይ የማሽኑ ቺንጋ አለ። ሞተሩ ከበሮውን የሚያዞረው በእሱ ነው፤ ያለ እሱ ይጮሃል እንጂ አይወቃም። ማሽኑን ሌሊት ጎትተው እዚህ አቁመው ሄደው ነበር፤ ሳይመለሱ ፈታሁት። የኔን ማሽን ደግሞ ነዶ በሚገባበት አፍ ላይ አስቀመጥሁ። ሌላ ምን አቅም አለኝ?

ከጣና በኩል ደመና ቆሟል። የአባ ወልደ ሥላሴ ሩዝ ሙሉውን ሜዳ ላይ ነው። ከዘነበ በኔ ነው…

መጡ። አባ ማሽኑን ጠበል ረጩት። የኔሰው እጅጌውን ሰበሰበ። አባየ ጎንበስ ብሎ ቺንጋውን ፈለገ፣ ዞረ፣ አሁንም ፈለገ። የኔን ማሽን አየ። ሊወረውረው አነሣ።

"ቆይ እስቲ አያልነህ፣ ወዲህ በለው።" አባ ናቸው። አገላብጠው አዩት። "ይኸ ያንተው አይደለም እንዴ? አቤት! የምትደገፍባትን እንኳ አልረሳችም።" ጣታቸው ስንጥቁ ላይ ቆመ። "ይኸስ?"

"ተሰንጥቆባት ነው" አለ የኔሰው።

"ላብህን ሳይቀር የለካች ልጅ፣ እዚህ ላይ ብቻ ሳተች?"

አባየ ወደ ትልቁ ማሽን ዞረ። ከኪሱ ሰንጢ አወጣ። በጀርባው ተኝቶ ማሽኑ ሥር ገባ።

እየፋቀ ነው። የገዛ ቀለሙን! እዚህ ድረስ ይሰማኛል…

ድምፁ ቆመ።

አልወጣም። የኔሰው "አባየ?" አለ።

ወጣ። ጺሙ ላይ አረንጓዴ ቅርፊት። የኔሰውን ክንዱን ጨብጦ ከከበሮው ፊት ጎትቶ አራቀው። ራቅ ካሉም በኋላ አለቀቀውም። አባ አንገታቸውን ደፍተዋል።

ደብተሬ ላይ ጠብታ ወደቀ። ሌላ ጠብታ። የአባ ሩዝ! ቺንጋውን ይዤ ልውጣ? ወጥቼስ ምን ልል? ለየኔሰው ደረት ነው የፈራሁት እንጂ ሩዙን… አባየ የኔን ማሽን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ፣ ወደ ክምሩ እየመጣ ነው። ፊቱ አይነበብም። ይቆጣ ይሆን ወይስ

"ሰርክአዲስ!"