የጉብታው ሬዲዮ ኮምፒውተር በአነስተኛ ቦርድ እንዲቀየርና የአዝጉቲው ተከላ እንዲቆም

ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወ/ሮ የምሥራች ክንዴ
የብሥራት ጤና ኬላዎች ሬዲዮ ፕሮጀክት ኃላፊ
እንጅባራ

ጉዳዩ፦ ለሬዲዮ ማስተላለፊያ የተመረጠውን ኮምፒውተር ስለመቃወም

እኔ አመልካች ባምላክ አስማረ የዳንግላ ከተማ ነዋሪና የፕሮጀክቱ የሬዲዮ ሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ የስልክ ኔትወርክ ሲጠፋ ጤና ኬላዎች አምቡላንስ የሚጠሩበትን ሬዲዮ ማበልጸግ ነው። ይህ ሬዲዮ ድምፅ የሚያጣራውም የሚያስተላልፈውም በሶፍትዌር ስለሆነ፣ ሶፍትዌሩን የሚያሠራው ኮምፒውተር ከቆመ ባዶ ቆርቆሮ ነው።

ከግምጃ ቤት ከተማ በላይ ባለው ጉብታ ለሚተከለው ማስተላለፊያ ሁለት ምርጫ ነበረን። አንደኛው ግራፊክስ ካርድ ያለው ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ጉልበቱን አልክድም፤ ቢሮ ተቀምጦ ሶፍትዌር ለመሥራት የሚወዳደረው የለም። ሁለተኛው ኤፍፒጂኤ የሚባል ቺፕ ያለበት መዳፍ የሚያህል ቦርድ ነው። ፕሮግራም ሲያደርጉት ያስለቅሳል፣ ነገር ግን ከአንድ አምፖል ያነሰ ኃይል ይበቃዋል። ጉብታው ላይ ያለን ሶላርና ባትሪ ብቻ ስለሆነ ቦርዱን አቀረብሁ፤ የፕሮጀክቱ ኮሚቴም ተስማማ።

ከዚያ አቶ ጎሹ ትልቁን ኮምፒውተር ለአገራቸው ስጦታ አመጡ። አቶ ጎሹ የክርስትና አባቴ ናቸው፤ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎች ቆመው ዕቃውን መረቁ። ተመርቆ የገባ ስጦታ አይመለስም፣ ነውር ነው ተባለና ኮሚቴው ውሳኔውን ሻረ። ኮምፒውተሩ ለማበልጸጊያ ቢሮ ይቅር፣ ጉብታው ላይ ቦርዱ ይውጣ ብዬ ለመንሁ። የሰው ስጦታ ጓዳ መደበቅም ነውር ሆነ። ምርቃት አከብራለሁ፤ ደመና ግን ምርቃት አይሰማም።

ሚያዝያ ላይ ሰማዩ ለቀናት ተዘጋ፤ ባትሪው አለቀ፣ ማስተላለፊያው ጠፋ። በዚያው ሰሞን የወንድሜን ሚስት ማሪቱን ምጥ ያዛት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ፋና የማሪቱ ደም አልቆም ሲላት ሬዲዮውን ይዛ ከረፋድ ጀምሮ ተጣራች። አምቡላንሱ ግምጃ ቤት ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩም ውስጡ ተቀምጦ ነበር። የሰማት የለም። ጎረቤት በቃሬዛ ይዟት ሲወርድ ዋናው መንገድ ሳትደርስ ዐረፈች። ልጁም አልተረፈም። ወንድሜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ሬዲዮውን የሠራኸው አንተ አይደለህም ወይ ይለኛል። ቤቱ መሄድ ትቻለሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከቀብር በኋላ የመጣው አጣሪ ቡድን የሶፍትዌር ችግር ነው ብሎ ጻፈ። ሶፍትዌሩ ኃይል አጣ እንጂ አልተበላሸም። ስሜ ቢጠፋ እችለዋለሁ። የማልችለው፣ ይኸው ሪፖርት ተይዞ የዚያው ዓይነት ኮምፒውተር ለአዝጉቲ ጤና ኬላ መታዘዙን ነው። አዝጉቲ በክረምት ፀሐይ የሚያይ አገር አይደለም፤ ወንዙ ከሞላም ቃሬዛ አያልፍም። ዕቃው ለቦታው ብቁ ነው ብዬ እንድፈርም ታዝዣለሁ፤ እምቢ ብል እንደምሰናበትም ተነግሮኛል። አቶ ጎሹም ሰላምታዬን መቀበል ትተዋል። ያም ሆኖ አልፈርምም።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ የጉብታው ኮምፒውተር ወርዶ ቦርዱ እንዲተከል፣ የአዝጉቲውም ትእዛዝ እንዲሰረዝ በትሕትና አመለክታለሁ። አቶ ጎሹን ማስቀየም ከከበደ፣ ስማቸው በቦርዱ ላይ ይጻፍ፤ እኔ ቅር አይለኝም።

ይህም የማይቻል ከሆነ ልመናዬ አንድ ነው። ማሪቱ እንደ ወትሮው የምጧ ቀን ሳይደርስ ግምጃ ቤት ወዳለው የእናቶች ማቆያ ልትወርድ ዕቃዋን ሸክፋ ነበር፤ የቀረችው ሬዲዮ አለ ስለተባለች ነው። የአዝጉቲ ነፍሰ ጡሮችም ያንኑ አምነው ቤታቸው ይቀመጣሉ። እንግዲያውስ ወንዙ ሳይሞላ፣ በገበያ ቀን፣ በአዊኛም በአማርኛም፣ ሬዲዮ የለም ተብሎ ይለፈፍልኝ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር

ባምላክ አስማረ
ፊርማ ____________