በበርሜሉ ላይ ስለ ነበረው የሞተ ዓሣ፦ ስለ አቶ ሙጠሊብ ዕረፍትና ታግዶ ስለ ቆየው ቪዲዮ

ለማኅበሩ አባላት፣ ለሟች ቤተሰብና ጉዳዩ ለሚመለከተው ሁሉ

ከሐዘኑ በፊት ጥፋቱ ይቅደም። የዚህ ማኅበር ጸሐፊ የሆንኩት እኔ ተክለወልድ፣ አቶ ሙጠሊብ ለአባላት የሠሩትን አንድ ቪዲዮ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር አግጄ አቆይቻለሁ። ያገድኩት ለሃይማኖት ስል እንደሆነ ነግሬያቸው ነበር። ውሸት ነው። ሰብሳቢያችን አቶ ጋሻው ረቂቁን ሲያዩ፣ «ተክሌ፣ የሐዘን መግለጫ ጻፍ አልን እንጂ ንስሐ ግባ መች አልን?» ብለው ነበር። ኮሚቴው ግን ተነጋግሮበት እንዲህ ሆኖ እንዲወጣ ፈቅዷል። ከዚህ በታች ከምነግራችሁ በርሜሎች አሁንም ውሃ የሚጠጣ ሰው ስላለ ነው።

በጅቡቲ የባቡር ሠራተኞች ልጆች መረዳጃ ማኅበር አባሉን አቶ ሙጠሊብን ማክሰኞ ሜይ 13 ቀን 2025 በድንገት አጥቷል። በካርቲዬ ሁለት ሰፈር በሚገኘው የፍሪጅ መጠገኛ ሱቃቸው፣ የሥራ ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደገፉ ነው ያረፉት፤ ሐኪም ልብ ነው ብሏል። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሁለት ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ ተቀብረዋል። ማኅበሩ እጅግ አዝኗል።

አቶ ሙጠሊብ አባታቸው ከድሬዳዋ በባቡር ጥገና ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ የጅቡቲ ልጅ ነበሩ። ትምህርታቸው ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም መጠየቅ አላቆሙም።

በ2020፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ፣ «ይኼስ ለምን ሆነ?» የሚል አጫጭር ቪዲዮ ለማኅበሩ የዋትሳፕ ቡድን መሥራት ጀመሩ። አንዱም ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም፤ የተሠራውም ለልጆች ሳይሆን ሲያፍር ሳይጠይቅ ለቀረ ትልቅ ሰው ነው። የመጀመሪያው የፍሪጅ ጀርባ ለምን እንደሚሞቅ ነበር። «ብርድ አይሠራም፤ ሙቀት ነው ወደ ውጭ የሚጣለው» ሲሉ ስልሳ ዓመት ያለፈን ሰዎች እንደ ተማሪ ዝም ብለን ሰማን።

በ2021 በቧንቧችን ውሃ ሳሙና ለምን አረፋ እንደማያወጣ፣ ጥፋቱም የውሃው እንደሆነ አስረዱ። ዋራበሌ ሰፈር የምትኖረው ወይዘሮ ቡርቱካን ከሥር፣ «ሙጤ፣ እኔ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳሙና ሻጩን ስረግም ኖርኩ፤ አሁን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው?» ብላ ጻፈች። እሳቸውም፣ «አይ እህቴ፣ ዋጋውን ስለጨመረ እርግማኑ ይቆይለት» ብለው መለሱ።

በዚያው ዓመት የጨረቃ አወጣጥ ላይ የሠሩት ቪዲዮ ስለ ጾም መግቢያ ክርክር አስነሣ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀያየመ። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ደንብ አወጣ፦ ማንኛውም ቪዲዮ ከመለቀቁ በፊት ጸሐፊው አይቶት፣ የአንዱን ወገን እምነት የሚነካ ነገር ካለበት ያቆየዋል። እምነቴ ተነካ ያለ ሰው ማስረጃ አይጠየቅም። አቶ ሙጠሊብ ይህን ደንብ ከሁላችን በላይ አከበሩ።

በ2022 ከናጋድ ጣቢያ የሚነሣው ባቡር እንደ ድሮው ለምን «ቀጭ ቀጭ» እንደማይል ሠሩ። ጥበቃው ሐዲዱን መቅረጽ ቢከለክላቸው የገዛ ጆሯቸውን ቀርጸው፣ «እናንተም እንደኔ ስሙ፤ ሐዲዱ ተበይዶ ስለተያያዘ ነው» አሉ። የባቡር ሠራተኞች ልጆች ነንና ብዙዎቻችን አለቀስን።

በጃንዋሪ 2023 ማኅበሩ ዋራበሌ ለሚኖሩ አባላት አሥራ ስምንት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አደለ። ያገኘሁትም ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ከወደብ አካባቢ መጋዘን የወጡ ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ላይ ቀይ ጠርዝ ያለው ምልክት ተለጥፎ ነበር፤ ውስጡ የደረቀ ዛፍና በጀርባው የተገለበጠ ዓሣ። ሰው ይህን ካየ አይወስድም ብዬ ሁለት ቀን በቢላዋና በቤንዚን ፋቅሁት። በአሸዋና በኦሞ ሦስት ጊዜ አጠብኩ። ሽታ አልነበረውም። ንጹሕ ነው ብዬ አምኜ ከአሥራ ስምንቱ አንዱን እዚያው ዋራበሌ ያለ የገዛ ቤቴ አስገባሁ።

በፌብሩዋሪ 2023 አቶ ሙጠሊብ ወይዘሮ ቡርቱካን ቤት ፍሪጅ ሊሠሩ ሄደው ከበርሜሏ ላይ በደንብ ያልተፋቀ ግማሽ ምልክት አዩ። የዚያኑ ቀን ውሃውን እንዳትጠጣ ነግረው አርባ አንደኛውን ቪዲዮ ሠሩ፦ «በርሜል ላይ ያለው የሞተ ዓሣ ምንድን ነው?» ትርጉሙ፣ ውስጡ የነበረው ነገር ውሃ ውስጥ ያለውን ሕይወት ይገድላል ማለት ነው። ፕላስቲክ የያዘውን ነገር ወደ ውስጡ ይመጥጣል፤ ቢታጠብም ቀስ እያለ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ በርሜል ያለው ሰው ለመጠጥ እንዳይጠቀምበት ለመኑ።

ሌሎቹ በርሜሎችስ ብለው ሲጠይቁኝ ያቺ አንዷ ብቻ ናት አልኳቸው። ቪዲዮውን ግን አየሁት፤ ደነገጥኩም። እንዲህም አልኩ፦ «ዓሣ በእኛ ዘንድ የክርስትና ምልክት ነው። የሞተ ዓሣ ስትደጋግም ምእመናን ይቀየማሉ።» እግዚአብሔርን በእኔ ነውር ላይ ክዳን አደረግሁት። እሳቸውም፣ «የእናንተን ነገር እናንተ ታውቃላችሁ ጋሽ ተክሌ፤ እኔ አላስቀይምም» አሉ። ከዚያ በኋላ በየሦስት በየአራት ወሩ፣ «ጋሼ፣ የዓሣው ነገር እንዴት ሆነ?» ይሉኝ ነበር። እየታየ ነው እል ነበር።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሆነውን ማኅበሩ ምክንያቱን ሳይወስን ይመዘግባል። በሁለት ቤት በበርሜል ውሃ ይጠጡ የነበሩ ዛፎች ከጫፋቸው ጀምሮ ደርቀዋል። በአራት ቤት የእጅ ማሳከክ አለ። አንድ ቤት ፍየሎቹ ከዚያ ውሃ አንጠጣም ብለዋል፤ ሰዎቹ ጠጥተዋል። በኦገስት 2024 ባለቤቴ ወይዘሮ አሰገደች ዐረፈች። ሐኪሙ ጉበት ነው አለኝ። ከምን እንደመጣ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት አመስግኜ ወጣሁ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ጸሎቴ ላይ የሚመጣብኝ የዚያ ሐኪም የተከፈተ አፍ ነው። ከዚያም በኋላ ዝም አልኩ።

ረቡዕ ለቅሶ ልደርስ ስሄድ የአቶ ሙጠሊብ ባለቤት ወይዘሮ ማይሙና የእሳቸውን ስልክ ይዛ ወጣች። ቪዲዮው አልጠፋም። «ጋሽ ተክሌ ሳይፈቅዱ እንዳትለቂው ብሎኛል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እኔ ስለ ሃይማኖታችሁ አላውቅም። ግን ጋሼ፣ ዓሣው አሁንም ያስቀይማል?» አለች። ከዚያ ለእሷ፣ ማታውን ለኮሚቴው፣ በማግስቱም ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ተናገርኩ። የነፍስ አባቴ፣ «ለእኔ ከነገርከኝ ይልቅ ለሚጠጡት ንገር» አሉኝ።

ማኅበሩ ለወይዘሮ ማይሙና፣ ለልጆቻቸው፣ ለካርቲዬ ሁለት ባለሱቆችና «ይኼስ ለምን ሆነ?» እያሉ ላደጉ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ሙስሊሞቹ በዱዓ፣ እኛም በየጸሎታችን እያሰብናቸው ነው። ጌታቸው የጠየቁትን ሁሉ ይመልስላቸው።

ዓርብ ሜይ 16 አርባ አንደኛው ቪዲዮ አንድም ቃል ሳይቆረጥ ተለቋል። ከበርሜሎቹ አንዱ ባለፈው ዓመት ማዕከላዊ ገበያ ተሽጧል፤ ገዢው አልታወቀም። ምልክቱ ስለተፋቀ ሰውዬው አይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ የፋቅሁት እኔ ነኝ። ሰማያዊ በርሜል ከዚያ ገበያ የገዛ ሁሉ ይህን ለጎረቤቱም ይንገር፤ እስኪጣራ አይጠጣበት። በበርሜሎቹ የጠጣችሁ አባላትም ሐኪም ዘንድ ቅረቡ፤ ሐኪሙንም እስከ መጨረሻው ስሙት።

ቅዳሜ ሜይ 17 ከማለዳው ጀምሮ ከአቶ ጋሻው ጋር ዋራበሌን ዞርን። መጀመሪያ የራሴን፣ ከዚያ በየደጃፉ ቆሜ ለባለቤቶቹ ያደረግሁትን በአፌ እየተናገርኩ፣ በድምሩ አሥራ ሰባቱን በርሜሎች ከታች በመሰርሰሪያ በሳኋቸው።